ክት ያደረግሁት የጠላቂ ሰዓት

ሰዓቱን የገዛሁ ቀን መጀመሪያ የታወቀኝ ክብደቱ ነው። አንጓዬ ላይ ሲያርፍ ክንዴን ወደ ታች የሚስበኝ መሰለኝ። የወንድ ሰዓት ነው፤ ያውም ባሕር ውስጥ ለሚጠልቁ ወንዶች የተሠራ። እኔ ደግሞ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፤ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ የቶሮንቶን ሐይቅ የማየው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሰዓት ሠሪው ቀጭን እጄን ከነሰዓቱ አይተው ፈገግ አሉ። ለጌጥ ግን አልነበረም የመጣሁት፤ ልጄ እንዳትሞትብኝ ስለፈራሁ ነው።

ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ዌስተን ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ጠዋት ጥርሷን ልትቦርሽ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፤ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከጉሮሮዋ የልጄ ያልሆነ ድምፅ ወጣ። ባደግሁበት ሰፈር ሰው ሲጥለው ምን እንደሚደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ክብሪት ይጫርና ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። እኔም ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ፤ መሳቢያዎቹን ሁሉ ገለባበጥሁ፤ ለሻማ ያስቀመጥሁትን ክብሪት አገኘሁና ተንበርክኬ አፍንጫዋ ሥር ጫርሁ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ የላይኛውን ከንፈሯን አቃጠልኋት። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማሚ፣ ሊፔን ምን ሆንኩ?» ብላ ነው።

የነርቭ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ ያስቀናል። ስለ ክብሪቱ ስነግራት አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ከእንግዲህ እንደዚያ እንዳላደርግ ብቻ ነግራኝ ማድረግ ያለብኝን አስረዳችኝ። በጎኗ ማስተኛት፣ ጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመክተት፤ ከዚያ ሰዓት ማየት። ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አያልፍም አለችኝ። አምስት ደቂቃ ከሞላ ግን በአፍንጫዋ መድኃኒት መርጨትና አምቡላንስ መጥራት አለብኝ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አእምሮዋን ሊጎዳት፣ ሊገድላትም ይችላል።

«ልጄ ወድቃ እየተንቀጠቀጠች እኔ ቁጭ ብዬ ሰዓት ልይ?» አልኋት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«አዎ፤ ሥራዎ እሱ ነው» አለችኝ። «ሰው ሲፈራ አንዱ ደቂቃ አሥር ይሆንበታል። ስለዚህ ራስዎን አይመኑ፤ ሰዓቱን ይመኑ።»

በሁለተኛው ጊዜ ስልኬን ይዤ ተቀመጥሁ። እጄ በላብ ስለረጠበ ስልኩ አልከፈት አለኝ፤ ቁጥሩን ስመታ ተሳሳትሁ፤ ደግሜም ተሳሳትሁ። በአፌ ልቁጠር ብዬ አርባ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ፤ እንደገና ከአንድ ጀመርሁ። አላስቻለኝም፤ ስልኩ እንደተከፈተልኝ አምቡላንስ ጠራሁ። ሠራተኞቹ ሲደርሱ ልጄ ነቅታለች፤ ፒጃማዋ ረጥቧል፤ በእሷ ዕድሜ ያለ አንድ ወጣት ከላይዋ ቆሞ ስሟን ይጠይቃታል። መንቀጥቀጡ የቆመው ገና በስልክ እያወራሁ ስለነበር ከጥሪው መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

«ለቱ ሚኒትስ ናይን ዋን ዋን ኮል ታደርጊያለሽ?» አለችኝ ልጄ ከሄዱ በኋላ። «ሰው ሁሉ እንደዛ ሆኜ አየኝ እኮ።» ሦስት ቀን በደንብ አላናገረችኝም። ሰዓት እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ ያኔ ነው። መክፈቻ ቁጥር የሌለው፣ እጄ ቢርድም የማያስቸግረኝ፣ አንዴ ዓይቼ አምስት ደቂቃ መሙላት አለመሙላቱን የሚነግረኝ።

ሰዓት ሠሪው በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ኢስት ዮርክ ውስጥ ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ጎን ጠባብ ሱቅ አላቸው። ለምን እንደምፈልገው አልደበቅሁባቸውም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ፤ ከዚያ ከኋላ ገብተው ይህን ሰዓት ይዘው መጡ።

መስታወቱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ነው። ገጹ ጥቁር ሆኖ በቁጥር ፈንታ ወፈር ወፈር ያሉ ነጥቦች አሉበት፤ ነጥቦቹ ነጭ ሳይሆኑ የቆየ ቅቤ ዓይነት ቀለም አላቸው። ማሰሪያው ሻካራ ጨርቅ ነው። ያገለገለ ዕቃ ሊሰጡኝ መስሎኝ ቅር አለኝ።

«አሮጌ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«አዲስ ነው፣ ልጄ። የድሮ ጠላቂዎች ያስሩት የነበረውን አስመስለው ነው የሠሩት። ቀለሙንም ሆን ብለው ነው ያስረጁት፤ አሁን የሚወደደው እንዲህ ያለው ነው።»

እኛ ያደግነው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ስንደክም ነው። እዚህ አገር ደግሞ አዲሱን ያረጀ አስመስለው ያስወድዱታል። ይህን ስላቸው ከልባቸው ሳቁ።

ከዚያ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት አሳዩኝ። ጥርስ ጥርስ አለው፤ በሁለት ጣት ሲይዙት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይዞራል። አንድ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለበት። «ስትወድቅ ይህንን ከደቂቃ ቆጣሪው ፊት ለፊት ታመጪዋለሽ። ከዚያ ቆጣሪው ከሦስት ማዕዘኑ ርቆ እዚህች ጋ ከደረሰ አምስት ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ሌላ ምንም አይፈልግም» አሉኝ። ሞከርሁት። ወደ ግራ ዞረልኝ፤ ወደ ቀኝ ግን ፍንክች አላለም። ተበላሽቷል ብዬ መለስሁላቸው።

«አልተበላሸም። ጠላቂው የያዘው አየር በደቂቃ የተለካ ነው። ውሃ ውስጥ ቀለበቱ በድንጋይ ተመትቶ ቢዞርበት፣ ካለፈው ጊዜ የበለጠ ያሳየዋል እንጂ ያነሰ አያሳየውም። ቢሳሳት እንኳ ቶሎ እንዲወጣ ነው።»

ይህንን ያሰበው ሰው ፈሪ ነው አልሁ በልቤ። እንደ እኔ ያለ ፈሪ። ሰዓቱን የወደድሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

አዛውንቱ ሌላም ነገር ነግረውኛል። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ባትሪ የለውም፤ የሚሠራው በእጅሽ እንቅስቃሴ ነው፤ ካወለቅሽው አንድ ቀን ከግማሽ ሄዶ ይቆማል፤ እና ከእጅሽ አታውጪው አሉኝ። እኔ ቀለበቱን እያዞርሁ እሺ፣ እሺ እላለሁ።

ልጄ ስታየው ሳቀች። «ማሚ፣ ስኩባ ልትጀምሪ ነው?» እጄን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ገጹ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ የሚል ጽሑፍ አነበበችልኝ። ለምን እንደገዛሁት አልጠየቀችኝም፤ አውቃዋለች። ጥቂት ቆይታ ግን «ኩል ነው፤ ያምርብሻል» አለችኝ፤ ከተኮራረፍን በኋላ የመጀመሪያው ደግ ቃሏ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሕፃን መጫወቻ ከእጄ አልለይ አለ። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ቀለበቱን አዞራለሁ። ሻይ ስጥድ ሦስት ማዕዘኑን ቆጣሪው ፊት አመጣና አምስት ደቂቃ እለማመዳለሁ። አምስት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሻይ ማፍያው ፊት ቆሜ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ልጄ ወለል ላይ እየተንፈራገጠች ዝም ብዬ እንዴት ልቀመጥ ነው እላለሁ። ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው ድምፁ ደቃቅና ፈጣን ነው። መብራት ሳጠፋ ነጥቦቹ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። የምሠራው ኢቶቢኮ አየር ማረፊያው አጠገብ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከሰዓት ገብቼ ማታ እወጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ልጄን የሚጥላት ሁልጊዜ ጠዋት ስትነሳ ስለሆነ በዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሥራ ቦታ ካርቶን ሳነሳ የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ሰዓቱን ጫረው። ከጎኑ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነች ጭረት ናት። ሌላ ሰው አያያትም። እኔን ግን ውስጤን ቆረጠኝ። በሕይወቴ ለራሴ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርጌው ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ አንዷ «የማን ባል ሰዓት ነው?» ብላ ሴቶቹን አሳቀችብኝ፤ ሌላዋ እጄን ይዛ አገላብጣ አየችውና «እንዲህ ያለ ዕቃ ለመጋዘን ነው እንዴ? ክት አድርጊው እንጂ» አለችኝ።

ምክሯ አላስገረመኝም፤ እኔም ያሰብሁት እሱኑ ነበር። እኛ ቤት ጥሩ ነገር ሁሉ ክት ነው። እናቴ ለእንግዳ የምታወጣቸው ብርጭቆዎች ነበሯት፤ እኛ ልጆቿ በቆርቆሮ ኩባያ ጠጥተን አደግን። እኔም እዚህ መጥቼ ያልተፈታ አንሶላ፣ ያልተነካ ሽቶ፣ ከነላስቲኩ ያለ ወንበር አለኝ። የዘወትር የዘወትር ነው፤ ክት ደግሞ ክት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከሚረጨው መድኃኒት አጠገብ አስቀመጥሁት። ስፈልገው እዚያው ነው፤ አይጫርም፤ አይሰበርም። ደስ ብሎኝ መሳቢያውን ዘጋሁ።

ረቡዕ ጠዋት ነው የሆነው።

ልጄ መድኃኒቷን እንድትወስድ ስልኳ በየጠዋቱ ይጮኻል። እሷ ደግሞ ስኑዝ ታደርገዋለች፤ በዘጠኝ ደቂቃው እንደገና ይጮኻል። በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ፤ ለዚህ ነው ዘጠኝ መሆኑን በደንብ የማውቀው። ያን ጠዋትም ጮኸ፤ ዝም አሰኘችው፤ ወዲያው ግን ተነስታ ውሃ ልትቀዳ ወጥ ቤት መጣች። «ሞርኒንግ» አለችኝ። ብርጭቆውን ከመደርደሪያ ስታወርድ አየኋት፤ ከዚያ ብርጭቆው ሲሰበር ሰማሁ።

የተነገረኝን ሁሉ አደረግሁ። ስባሪውን በእግሬ ገፋሁ፤ በጎኗ አስተኛኋት፤ ጭንቅላቷ ሥር ፎጣ አደረግሁ። መሳቢያውን ከፍቼ መድኃኒቱንና ሰዓቱን አወጣሁ። መሐረቡን ፈታሁ። ለማሰር ጊዜ አላጠፋሁም፤ ቀለበቱን ቀጭ ቀጭ አድርጌ ሦስት ማዕዘኑን ደቂቃ ቆጣሪው ፊት አመጣሁና ሰዓቱን ወለሉ ላይ ከፊቷ አጠገብ አስቀመጥሁት። የሰኮንድ ቆጣሪው ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ መድኃኒቱን በቀኝ እጄ ይዤ፣ በግራዬ ትከሻዋን ደግፌ፣ ሦስት ማዕዘኑንና ረጅሙን ቆጣሪ ብቻ ማየት ጀመርሁ።

አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። ጨርሼ እንደገና ጀመርሁ። ቆጣሪው ከሦስት ማዕዘኑ ፈቀቅ ያለ አይመስልም። ልጄ ትንቀጠቀጣለች፤ ተረከዟ ቁምሳጥኑን ይመታል። ሦስተኛ ጊዜ ደገምሁ፤ አራተኛ፤ ከዚያ በኋላ ስንተኛ እንደሆነ ጠፋብኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ፍርሃቴ ነው ጊዜውን የሚያስረዝመው አልሁ። ራስዎን አይመኑ ተብያለሁ። ባለፈው ራሴን አምኜ ልጄን በባዕድ ሰው ፊት አዋረድኋት። በዓይኔ ላይ እንባ ሞልቶ እንዳይጋርደኝ በክንዴ እጠርጋለሁ። ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። አውራ ጣቴ መድኃኒቱ ላይ ነው፤ ጫን ማለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሰዓቱ ግን ገና ነው ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ታዝዤም አላውቅም።

ከመኝታ ቤቷ ስልኩ ጮኸ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ማን ነው በዚህ ሰዓት የሚደውለው ብዬ ተናደድሁ። ከዚያ የማንቂያው ድምፅ መሆኑን አወቅሁ፤ ሁለተኛው ጩኸት መሆኑንም አወቅሁ። ዘጠኝ ደቂቃ። ወደ ሰዓቱ ጎንበስ ብዬ፣ ወለሉ ላይ ካስቀመጥሁት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭኑን የሰኮንድ ቆጣሪ አየሁት። ቆሟል። ከመሳቢያው ሳወጣው እጄ ስላወዛወዘው ለጥቂት ነቅቶ ነው እንጂ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ መሐረብ ውስጥ ሞቶ ነው የከረመው። ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ተመልሶ ቆመ፤ እኔ የቆመ ሰዓት እያየሁ ነበር ልጄ እንድትተርፍ የምጠብቀው።

መድኃኒቱን አፍንጫዋ ውስጥ ረጨሁ። ስልኬን በየት በኩል እንደከፈትሁት አላውቅም፤ ደወልሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ረጋ ባለ ድምፅ ስንት ደቂቃ ሆናት አለችኝ። «አላውቅም» አልሁ። ደግማ ጠየቀችኝ። «አላውቅም፤ ሰዓቴ ቆሞብኛል፤ ቶሎ በሉ» ብዬ ጮኽሁ። አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ለቀቃት። አተነፋፈሷ ግን የሚያንኮራፋ ዓይነት ነበር፤ ስጠራትም አትሰማኝም። የመጡት ሠራተኞችም ያንኑ ጠየቁኝ። ሆስፒታልም ያንኑ ጠየቁኝ። ለሁሉም አላውቅም አልሁ።

እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ተኛች። ከወንበሩ አልተነሳሁም። ስትነቃ ታውቀኝ ይሆን፣ ስሟን ትናገር ይሆን እያልሁ አፏን አያለሁ። የሆስፒታሉ ሐኪም በቀላሉ ሊያልፍላት ይችላል፣ ስትነቃ ነው የምናየው አለ።  ዓይኗን ስትገልጥ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ማሚ፣ ምሳ በልተሻል?»

የምትናገረውን መስማቴ በቃኝ። ያለቀስሁት ለቅሶ ነርሷን አስመጣት።

ነርሷ ስትወጣ ልጄ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ፤ በስልኳ ስለምትመዘግበው ነው። «ሃው ሎንግ ነበር?»

አምስት ማለት እችል ነበር፤ ታምነኝ ነበር። ነገር ግን ሁሉን ነገርኋት። እንዳይጫርብኝ ብዬ ማስቀመጤን፣ አዛውንቱ ነግረውኝ አለመስማቴን፣ የቆመ ሰዓት እያየሁ ገና ነው ማለቴን። ይቅር በይኝ አልኋት።  የአልጋውን አንሶላ ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች።

«እኔ እንደሆነ እዚያ አልነበርኩም» አለች። «አንቺ ነበርሽ። ሰዓቱ ባይኖር ስንት ይመስልሽ ነበር?»

«ብዙ» አልኋት። «በጣም ብዙ። ፍርሃቴ ነው ብዬ ነው እንጂ።»

«ኦኬ። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃትሽንም ስሚው» አለችኝና እጄን ይዛ ተመልሳ ተኛች።

በሚቀጥለው ጊዜ ያለችው እንደ ቀላል ነገር ነው፤ ነገ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይመጣል እንደሚባለው። እኔ እጇን እንደያዝሁ እስክትነቃ ድረስ ተቀመጥሁ።